የአሮጌ መኪና ቦዲ በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ

ሞተር ቢደክም ይታደሳል። ካምቢዮ ቢበላሽ ይቀየራል። ቦዲው በዝገት ያለቀ መኪና ግን መላ የለውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1979 እስከ 1983 የተሠሩት ዲኤክስ የሚባሉት ቶዮታ ኮሮላዎች፣ ከዚያም በፊት የመጡት ቮልሶች ዛሬም ሲሄዱ የምናያቸው ሞተራቸው ቀላል ስለሆነ ነው። ከመንገድ የሚወጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛ ክፍላቸውን ዝገት በልቶት ነው። ይህ መመሪያ ዝገት የጀመረው ግን ገና ያላለቀ መኪና ግቢው ያቆመና ቅዳሜና እሁዱን ሰጥቶ ሊያድነው ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ቦዲ ማደስ ማለት ቀለም መቀባት አይደለም። ውሃ በየት ገብቶ የት እንደተኛ ፈልጎ ማግኘት ነው። ያንን መንገድ ሳትዘጉ የተቀባ ቀለም ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያብጣል፤ ስትነኩት ተቀርፎ ይወድቃል፤ ከሥሩ የምታገኙት ያው የድሮው ዝገት ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ቀለም የምለው ትንሽ ነው። ብዙውን ቦታ የወሰደው ከቀለም በፊት ያለው ሥራ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ይገባዋል ወይ?

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉ። በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹን (የጎማ መሸፈኛዎቹን)፣ የጎማ ቤቶቹን ጠርዝ እየነካካችሁ ዙሩ። ማግኔቱ ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ከሥሩ ላሜራ (የቦዲው ስስ ብረት) አለ። ላላ ካለ ወይም ጭራሽ ካልያዘ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ወፍራም ስቱኮ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር መሙያ) ደርድሮበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በጠመኔ አክብቡት።

ቀጥሎ አሮጌ ካቻቪቴ ያዙና ከመኪናው ሥር ግቡ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ፈጽሞ እንዳትገቡ። የብረት መደገፊያ ወይም ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ይኑር፣ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። የደሴ ግቢ አብዛኛው ተዳፋት ስለሆነ ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የወለሉን ላሜራ፣ ከበሮቹ ሥር ያለውን ረጅም መርገጫ፣ ሞላና ንዝረት መቀነሻ (ሾክ አብዞርበር) የሚታሰሩበትን ቦታ በካቻቪቴው እጀታ ኳ ኳ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላ ላሜራ ድምፁ ይታፈናል። በተጠራጠራችሁበት ቦታ በጫፉ ገፋ አድርጉት፤ ከበሳ ተበልቷል።

ቮልስ ከሆነ በተለይ የኋላ መቀመጫውን አንሡ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው የሚቀመጠው። የፈሰሰ አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከፊት ደግሞ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እዩ። ዲኤክስ ከሆነ የኋላ ጎማ ቤቶቹን፣ የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን የታችኛውን ማዕዘን፣ የሻንጣ ቦታውን ምንጣፍ ሥር እዩ።

ፓራፋንጎና በር ቢበላ ችግር የለም። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ የዲኤክስ ደግሞ የፊቶቹ ሁለቱ፣ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ፈትቶ መቀየር ይቻላል። ደሴ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ ይገኛል። ሞላና ስቲሪንግ የሚታሰሩበት ቦታ ከተበላ ግን ሥራው የግቢ ሥራ አይደለም። ያ ክፍል በፍጥነት ላይ እያለ ሰው የሚሸከም ክፍል ነው። ለባለሙያ ስጡት፤ እሱም አይሆንም ካለ ስሙት።

ወቅትና ቦታ

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሐረጎ ቁልቁለትን ወርዶ የደረሰ ሰው ግን ጃኬቱን ያወልቃል። ይህ ልዩነት ስቱኮ የሚጠነክርበትን ጊዜ፣ የምትገዙትን የቲነር (የቀለም ማቅጠኛ) ዓይነት፣ በቀን ውስጥ የምትሠሩበትን ሰዓት ሁሉ ይቀይራል።

እኛ ዘንድ ክረምት ብቻ አይደለም ያለው፤ በልግም አለ። ከየካቲት ገደማ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሳይታሰብ ይዘንባል። ስለዚህ ላሜራ የሚገለጥበት ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በክረምት መሥራት ያለበት ሰው ጣሪያ ያለው ቦታ ይፈልግ። ላስቲክ ብቻ መወጠር አይበቃም፤ ከሥሩ እርጥበት ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት የተፋቀውን ላሜራ ቡናማ ያደርገዋል።

ደሴ ላይ ጠዋት ጉም አለ፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ላሜራው ራሱ በረዶ ይሆናል። ስቱኮም ቀለምም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይይዝም። እንግዲህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አዲስ ቀለም አትንፉ። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ላሜራ ስለሚግል ስቱኮው ዘርግታችሁ ሳትጨርሱ ይጠነክራል። እዚያ ጠዋቱን ተጠቀሙ፣ ጥላም ይኑራችሁ።

ስለ ግቢው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቲነር፣ ቤንዚን፣ የቀለም ጭስ በእሳት ይያያዛል፤ ትነቱ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተንፏቆ ይሄዳል። ቲነር በተከፈተበት ቀን ቡና እዚያ ግቢ አይፈላ። ከሰልም ዕጣንም አይነድ። እማማን ወይም ጎረቤትን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቡናውን ቤት ውስጥ ወይም ሌላ ግቢ ያፍሉት። የተሰጣ በርበሬና የታጠበ ልብስም ይነሣ፤ የስቱኮ ብናኝ በርበሬ ላይ ካረፈ አይለቅም። አንድ ባልዲ አሸዋና፣ ከተገኘ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን።

ውሃውን ፈልጉ

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት መኪናውን በሳሙና እጠቡ። በተለይ ከሥር። በጎማ ቤቶቹ ውስጥ የተጋገረ ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዝገት ከዚያ ይጀምራል። ጭቃውን በእንጨት ፈቅፍቁ፤ በብረት አትፋቁት።

ከዚያ ምንጣፎቹን ሁሉ አውጡ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ሌላው በውሃ ማጠጫ ጎማ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ያፍስስ፤ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መስታወቱ ጎማ ላይ፣ መጨረሻ ጣሪያው ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው በየቱ እንደገባ አታውቁም። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ባየበት ቦታ ምልክት ያድርግ።

አሁን ውሃ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ፈልጉ። በእያንዳንዱ በር ታችኛ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በመስታወቱ ጎን የሚገባ ውሃ በእነሱ እንዲወጣ ነው የተሠሩት። በሩ የሚበላው እነዚህ ሲደፈኑ ነው። መርገጫው ሥር፣ ከኮፈኑ ጀርባ አየር የሚገባበት ገንዳ፣ የሻንጣ ቦታው ጥግ ላይም አሉ። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። ብዙ ጊዜ የሚደፍናቸው ቅጠልና አፈር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ቀድሞ የቀባው ሰው ያፈሰሰው ስቱኮ ነው።

ሌላም አለ። መኪናችሁ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁል አድርጎ ከቆመ ውሃው ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ይጠራቀማል፤ ቀዳዳው ያለው ደግሞ በሌላው ጥግ ሊሆን ይችላል። ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ተዳፋት ሰፈሮች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዱ በር ከሌላው ይልቅ የተበላበትን ምክንያት አቋቋሙ ላይ ፈልጉት። ለወደፊቱም አቅጣጫውን ቀያይሩ።

መፍታት

የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። መብራቶች፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ባምፐር፣ እጀታዎች፣ የመስታወት ጎማዎች ይውጡ። በፕላስተር ሸፍኖ መቀባት ሥራ ይቀንሳል፤ ግን ዝገቱ የሚጀምረው በትክክል በእነዚያ ጎማዎች ሥር ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ቡሎኖቹን በየክፍሉ በትንንሽ ፌስታል አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉባቸው። ከወራት በኋላ ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ የለም።

አልላቀቅ ያለ ቡሎን ላይ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ ጠብ አድርጉ፤ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ ማላላት። በጉልበት የተቆረጠ ቡሎን በትራፓኖ መብሳት ይጠይቃል።

የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ ግራይንደር አይንካው። የቀለም ኮዱ ያለበትን ሰሌዳም አትቀቡት። ቶዮታ ላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለው ሰሌዳ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ፊደል ጎን ያለው የመጀመሪያ ቁጥር የቀለሙ ነው። 040 ከሆነ ነጭ ነው።

ዝገት

ዝገት ሦስት ደረጃ አለው፤ ለሁሉም መፍትሔው ይለያያል።

የመጀመሪያው ላይ ላዩን ያለ ቡናማ ነው። በቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ይነሣል። ሁለተኛው ላሜራውን ቆፍሮ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገ ነው። እዚህ ላይ ብሩሽ አይበቃም፤ ጥቁሩ ነጥብ ከጉድጓዱ ሥር ይቀራል። ፎስፎሪክ አሲድ ያለው ዝገት ማጥፊያ ቀቡ፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ፤ በውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። አሲዱ የቀረውን ዝገት ወደማይስፋፋ ጠንካራ ነገር ይለውጠዋል። በምትኩ የባትሪ አሲድ የሚጠቀሙ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። በላሜራ መጋጠሚያዎች መካከል ገብቶ አይወጣም፤ ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል፤ ዓይንና እጅም ያቃጥላል።

ሦስተኛው የበሳው ነው። ይህንን ምንም ፈሳሽ አያድነውም። ቀዳዳውን በስቱኮ፣ በፋይበር ወይም በጨርቅና በማስቲሽ መድፈን ሥራ አይባልም። ከኋላው ክፍት ስለሆነ እርጥበት በውስጥ በኩል ደርሶ ይገፋዋል። የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መተካት አለበት።

ስትቆርጡ አትሳሱ። ቀዳዳው የሳንቲም ያህል ቢሆንም ዙሪያው ሳስቷል። ብልጭ የሚል፣ ወፍራም ላሜራ እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ።

እዚህ ላይ አሮጌ ቀለምም ስለምትፍቁ፣ ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት እንደሚችል እወቁ። በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ የተለመደ ነበር። በደረቁ አትፍጩት፤ በውሃ እያራሳችሁ ፈቅፍቁ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት አካባቢው አይኑሩ። የሠራችሁበትን ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አታጥቡ። ቀለሙ ሁሉ መነሣት አለበት ማለቴም አይደለም። ያልተሰነጠቀና ጠበቅ ያለ የፋብሪካ ቀለም ካለ ከእሱ የተሻለ መሠረት የለም፤ በቁጥር 320 ሻከር አድርጋችሁ ተዉት።

የተፋቀ ላሜራ እንደዚያው ሆኖ እንዲያድር አታድርጉ። በዕለቱ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) መቀባት የምትችሉትን ያህል ብቻ ፍቁ።

ብየዳ

ይህን ክፍል ራሳችሁ ካልቻላችሁ በያጅ ጥሩ። ግን በርና መስኮት የሚበይድ ሁሉ ቦዲ አይበይድም። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለበር በሚሠራበት ወፍራም ኤሌክትሮድ ከነካው ይበሳዋል፣ የቀረውንም በሙቀት ያጣምመዋል። በሽቦ ብየዳ፣ ሚግ በሚሉት፣ ወይም በጋዝ የሚሠራ የቦዲ ባለሙያ ፈልጉ።

መጠገኛው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ላሜራ ይሁን። የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም። ሳስቶ ይቃጠላል፤ የተለበጠበት ዚንክም ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያመጣል።

መጠገኛውን ከቀዳዳው ጋር በልክ ቁረጡት። በካርቶን ልኩን አውጥታችሁ ላሜራው ላይ ብትስሉት ይቀላል። በያጁን እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ ባንድ ጊዜ አትሂድበት። ነጥብ ነጥብ አድርገው፤ አንዱን እዚህ፣ ቀጣዩን ከማዶ። ቀዝቀዝ ሲል ተመለስ።» ነጥቦቹ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ይጀምሩ፤ ከዚያ መካከላቸው እየተሞላ ይሂድ። ባንድ ጊዜ የተበየደ ሰፊ ላሜራ ይሞገጋል። ያንን ማስተካከል ከብየዳው የበለጠ ይፈጃል።

ነዳጅ ታንኩ አካባቢ ብየዳ ካለ ታንኩ ወጥቶ ከግቢ ይራቅ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ታንክ የባሰ አደገኛ ነው፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ቮልስ ላይ ታንኩ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር መሆኑን አትርሱ። በሩ ውስጥ ያለውን ስፖንጅና ምንጣፍም አውጡ።

ብየዳው ሲያልቅ ከውስጥ በኩል ያለውንም ገጽ አጽዱና አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ቀቡት። ይህን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፤ መጠገኛው ተመልሶ የሚበላው በዚሁ ነው።

መዶሻ

የተሰረጎደ ቦታ በስቱኮ ከመሞላቱ በፊት በመዶሻ መቅረብ አለበት። መዶሻ በቻለው መጠን ስቱኮው ይሳሳል።

ከኋላ እጅ የሚገባ ከሆነ ከባድ፣ ፊቱ የለሰለሰ ብረት ከጀርባ ያዙ። አሮጌ የሞተር ቁራጭም ቢሆን ይሠራል፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን። መዶሻው ጠፍጣፋና ለስላሳ ፊት ይኑረው። ከመሐል አትጀምሩ። ላሜራው የተመታበትን ቅደም ተከተል ገልብጡት፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይውጣ፤ ይህም ማለት ከጠርዙ ወደ መሐል ነው። ጉድጓዱ ዙሪያ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ጠርዝ አለ። ብረቱን ከጀርባ ጉድጓዱ ሥር ደግፉ፤ በመዶሻው ከፍ ያለውን ጠርዝ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ጠርዙ ሲወርድ ጉድጓዱ ራሱ ይወጣል። መዶሻውና ብረቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው ላሜራውን በመሐል ከቀጠቀጡት ግን ላሜራው ይሰፋል፤ የሚሄድበት ስለሌለውም ያብጣል። ስለዚህ ብዙ ቀላል ምት እንጂ ጥቂት ከባድ ምት አይሁን።

በዓይን አትመኑ። ስስ የጥጥ ጓንት አድርጋችሁ መዳፋችሁን በረጅሙ አንሸራትቱ። ዓይን ያላየውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል።

ስትጫኑት ጧ ብሎ የሚገባና የሚወጣ ቦታ ካለ ላሜራው ተወጥሯል ማለት ነው። የሚስተካከለው በሙቀት ነው፤ ትንሽ ነጥብ አግሎ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ። ልምድ ስለሚጠይቅ የቦዲ ሠሪ እጅ ይግባበት።

ስቱኮ

የግቢ ሥራ የሚበላሸው ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የምለው ብዙ ነው።

ስቱኮ የሚቀመጠው በቁጥር 80 በሻከረ ንጹሕ ላሜራ ላይ ወይም በኤፖክሲ ፕራይመር ላይ ነው። በተራ አንቲረስት ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩ ይለቃል ወይም ይኮማተራል። ላሜራውን በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ጠርጉ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ይበቃዋል።

ማድረቂያው በክብደት 2 በመቶ ያህል ነው፤ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም። ሚዛን ከሌለ አንድ ሎሚ የሚያህል ስቱኮ ላይ አንድ የባቄላ ፍሬ የምታህል ማድረቂያ አድርጉ። ደሴ ስለሚቀዘቅዝ ማድረቂያ የሚያበዙ አሉ። ልክ አይደለም። የበዛው ማድረቂያ ከወራት በኋላ በቀለሙ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ቢጫ ወይም ቡናማ ምልክት ያሳያል። ማድረቂያ ከማብዛት ላሜራውን ፀሐይ ላይ አሙቁት። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ማድረቂያ ከመቀነስ በትንሽ በትንሹ ቀላቅሉ። 20 ዲግሪ አካባቢ የተቀላቀለው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ብቻ ይሠራል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።

በለስላሳ ሰሌዳ ላይ፣ ለምሳሌ በመስታወት ቁራጭ ላይ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን በስፓቱላ አዋሕዱት። አታማስሉት፤ እየጫናችሁ ዘርጉት፣ አለበለዚያ አየር ይገባና ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። መጀመሪያ በጣም ስስ አድርጋችሁ ላሜራው ላይ ጫን ብላችሁ ቀቡ። ከዚያ ሁለተኛውን ደርቡ። አጠቃላይ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ባያልፍ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ መዶሻው ተመለሱ። በእኛ ኮረኮንች ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ወፍራም ስቱኮ አይዝም።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ በጥፍር ሲጫሩት ነጭ መስመር ካሳየ ደርሷል። የብርጭቆ ወረቀቱን በረጅም የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልሉ። በጣት ብቻ የተፈተገ ስቱኮ የጣቱን ቅርፅ ይይዛል፤ ቀለም ሲቀባ ማዕበል ይመስላል። በቁጥር 80 ጀምሩ፣ በግራና ቀኝ ዲያጎናል እያቋረጣችሁ። ቀጥሎ 180፣ ቀጥሎ 320። ከመፈተጋችሁ በፊት ጥቁር ቀለም በጣም አቅጥናችሁ ጭጋግ ብቻ ንፉበት። ፈትጋችሁ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ዝቅ ያለ ነው። መጀመሪያ ላሜራው ያበራበት ቦታ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ እዚያ ላይ መዶሻ ጠቅ ይደረጋል እንጂ ስቱኮ አይጨመርም።

ገና ፕራይመር ያልተቀባ ስቱኮ ላይ ውሃ አታፍስሱ። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ወደ ላሜራው ያደርሳል። በውሃ መፈተግ የሚጀመረው ከፕራይመር በኋላ ነው። በደረቁ ስትፈትጉ የብናኝ ማስክ አድርጉ።

ፕራይመር

ላሜራ በታየበት ሁሉ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ በእሱ ላይ ደግሞ የሚሞላ ፕራይመር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ሲደርቅ በቁጥር 600፣ በሳሙና ውሃ ፈትጉ። በሮቹና መርገጫው የሚጋጠሙበት የላሜራ ጠርዝ ላይ የቦዲ ማሸጊያ ሙሉ፤ የውሃ ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትደፍኑ።

ቀለም

እዚህ ላይ ምክሬ ግልጽ ነው፦ የመጨረሻውን ቀለም ግቢ ውስጥ ሳይሆን የቀለም መንፊያ ክፍል ያለው ጋራዥ ብታስነፉ ይሻላል። ሌላውን ሁሉ ራሳችሁ ከሠራችሁ ዋጋው ብዙ ይቀንሳል። ምክንያቱ የጤና ነው። ማድረቂያ ተቀላቅሎበት በሚነፋው ዘመናዊ ባለ ሁለት ዕቃ ቀለም፣ ማድረቂያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሲነፋ በሳንባ ገብቶ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል። አይሸትም፣ ስለዚህ አያስጠነቅቅም። የጨርቅ ማስክ፣ የኮቪድ ጊዜውም ማስክ፣ ምንም አያግደውም። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያደርስ ጭምብል ያስፈልጋል። ያ ከሌላችሁ፣ ጎረቤት ልጆችም ካሉ፣ ይህን ቀለም ግቢ ውስጥ አትንፉ።

ግቢ ውስጥ ራሳችሁ መቀባት ከፈለጋችሁ ማድረቂያ የማይጨመርበት ቀለም ምረጡ፤ ሲንቴቲክ ወይም ናይትሮ። ባለ ከሰል ማጣሪያ ጭምብል ግን ለእነሱም ያስፈልጋል። ሲንቴቲኩ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ አቧራ ይይዛል፣ ግን ጠንካራ ነው። ናይትሮ ቶሎ ይደርቃል፤ ጉም ባለበት ቀን ግን ይነጣል፣ መወልወልም ይፈልጋል። ሁለቱን አትደባልቁ። በሲንቴቲክ ላይ ናይትሮ ከመጣ የታችኛው ይኮማተራል። መኪናው ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ምን እንደሆነ ለማወቅ በቲነር የራሰ ጨርቅ አሹት። ጨርቁን ካቀለመ ናይትሮ ሊሆን ይችላል።

ደሴ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ትንሽ ኮምፕሬሰር ጋኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ አየር ነው የሚሰጣችሁ። አንድ በር ነፍታችሁ ጋኑ እስኪሞላ ቁሙ፤ ጣሪያና ኮፈን ግን በመሐል መቆም ስለማይችል ትልቅ ኮምፕሬሰር ተዋሱ። አየሩ ስስ ስለሆነም ቲነር ቶሎ ይተናል፤ ቀለሙ ሳያርፍ በአየር ላይ ደርቆ ሻካራ ሊሆን ይችላል። የቀለም መንፊያ ሽጉጡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አቅርቡ። ኮምቦልቻ ላይ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ጠይቁ።

ከመንፋታችሁ በፊት የኮምፕሬሰሩን ጋን ከሥር ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ። መሬቱን አርከፍክፉ፣ አቧራ እንዳይነሣ። ግፊቱ ከ2 እስከ 3 ባር። እጃችሁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ሽጉጡን ክፈቱ፤ ከጠርዙ አልፋችሁ ዝጉ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይደርብ። የመጀመሪያው ስስ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ሙሉ፤ በየመሐሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ኮፈን አትጀምሩ።

መኪናውን ወደ ሌላ ቀለም መቀየር ካሰባችሁ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። ከመቀባታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለቦሎ ስትቀርቡ ጭቅጭቅ እንዳይሆን።

መግጠም

ሲንቴቲክ ከሆነ ከመግጠም በፊት ሳምንት ያህል ይቆይ። በሮቹ ውስጥ፣ መርገጫው ውስጥ፣ ብየዳው ጀርባ ቀልጦ የተቀጠነ ሰም ወይም ለቦዲ ውስጥ የሚሸጥ የዝገት መከላከያ ንፉ። የተቃጠለ ዘይት ከሥር መርጨት የተለመደ ነው፤ ጎማዎቹንና ቡሾቹን ይበላል፣ አቧራም ይጋግራል። ሬንጅም የሚቀቡ አሉ፤ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥሩ ይገባና ሳይታይ ይበላል።

በቮልስ ፓራፋንጎና በቦዲው መካከል የሚገባውን ጎማ አዲስ አድርጉት። የፊት መስታወቱን ለመመለስ ጎማውን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አልብሱ፤ በጎማው ከንፈር ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን አስገቡ፤ በሳሙና ውሃ አርሱት። አንድ ሰው ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ ይጫን፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይሳብ። ከንፈሩ ላሜራውን እየዘለለ ይገባል። ከዚያ ያንኑ የውሃ ሙከራ ከታች ወደ ላይ ድገሙት። ምንጣፉን ከመመለሳችሁ በፊት ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱ።

ሰም ለመወልወል ቢያንስ አንድ ወር ጠብቁ። እስከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠብ።